ለዘመድ የማይሳሳ ጨረር

«ደህና ዋልሽ ወርቂቱ? መንገዱ እንዴት ነበር? ሚኒባሱ እንደ ሙዝ ካርቶን አጭቆ ነው ያመጣችሁ አይደል… እኔ መቼም ከምዕራብ ዓባያ እስከዚህ በሚኒባስ ከምመጣ በእግሬ ብመጣ እመርጣለሁ። ሙቀቱስ ብትይ? ዘንድሮ አባያ ሐይቅ ራሱ ሊፈላ ምንም አልቀረውም። ሙዙን ነፋስ ጣለው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? ተይው፣ እግዜር ይተካል። ንብረት ይመጣል ይሄዳል፣ ዋናው ጤና ነው… ጤናና ፊት። ፊት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ለመሆኑ እድላዊትዬስ? ገባች? እዚያ መጋረጃው ውስጥ? ጎሽ… ደግ አደረግሽ። ደግ ቦታ ነው ያመጣሻት።»

ሻሺቱ ይህን የምትለው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ባለው የውበት ሳሎን፣ ደንበኞች ተራ በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው። ዘመኑ 2009 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት፤ ፋሲካ አልፎ ሠርግ በሠርግ ላይ የተደራረበበት ሰሞን። አጠገቧ ያለችው ወርቂቱ የሙዝ ነጋዴ ናት፤ ከሻሺቱ ጋር ከገበያ ነው የሚተዋወቁት። የወርቂቱ ልጅ እድላዊት በመጪው እሑድ ትዳራለች። አገጯ ሥርና ከከንፈሯ በላይ የምታፍርበት ጥቂት ጸጉር ስላላት በሌዘር ልታስነሳው መጥታ፣ አሁን ከመጋረጃው ኋላ በጀርባዋ ተንጋላ ፊቷን ጄል እየተቀባች ነው። የምትቀባት የሳሎኑ ባለቤት ናት። የባለቤቲቱን ስም ሻሺቱ ስለማትጠራው እኛም አንጠራውም።

የማትጠራው በምክንያት ነው። ባለቤቲቱ የወንድሟ የሀብተሚካኤል ሚስት ናት። አምና በዚሁ የሌዘር ማሽን የተነሳ ሁለቱ ክፉኛ ተጣሉ፤ ሽማግሌ ገባ፤ ዱቡሻ ላይ፣ አገር በሚሰበሰብበት ሜዳ ተቀምጠው ታረቁ። በዚያን ዕለት ሻሺቱ እርጥብ ሣር ጨብጣ «ከእንግዲህ ስሟን በክፉ አላነሳም» ብላ ማለች። መሐላ ማፍረስ በጋሞ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ በቤት ላይ መዘዝ ይጠራል። ሻሺቱ ቃልሽን እጠፊ ብትባል የማታጥፍ ሴት ናት፤ የማለችውን ግን ቃል በቃል ነው የያዘችው። ስም አይነሳ፣ ክፉ አይነገር ተብላለች። እሷም ስም ሳታነሳ ደግ ደጉን ብቻ ታወራለች። ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ደግ ደጉ ሞልቶ ተርፏል።

ዛሬ ግን ጨንቋታል። ያ ማሽን ምን እንደሚያደርግ በገዛ አገጯ ታውቀዋለች፤ በዚህ ሙቀት ሻሿን እስከ ከንፈሯ ሥር ጠምጥማ የመጣችውም ለዚሁ ነው። ተነስታ «ልጅቷን ልቀቂያት» ብትል መሐላው ይፈርሳል፣ የወንድሟም በር ይዘጋባታል። ዝም ብትል የእሑዷ ሙሽራ ፊቷ ተለብልቦ ትወጣለች። ስለዚህ መጋረጃው አልፎ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ፣ ቃሏን ለስለስ አድርጋ ቀጠለች።

«የገባችበት እጅ እኮ የዋዛ እጅ አይደለም ወርቂቱ። ስስት የሚባል ነገር የማያውቅ እጅ ነው። አንቺ ገበያ ላይ ሙዝ መዝነሽ ስትሰጪ ምርቃት ትጨምሪ የለ? ጥሩ ደንበኛ ከሆነ አንድ፣ ጎረቤት ከሆነ ሁለት… እዚህም ቤት እንደዚያው ነው። ሌላ ቦታ ብትሄጂ ምን ያደርጉሻል? አንዴ ብልጭ አድርገው፣ ጄሉን ጠርገው፣ ከወር በኋላ ነይ ብለው ያሰናብቱሻል። ይሄ ንፉግነት አይደለም? እዚህ ግን ያችኑ ቦታ ተመልሳ ታበራልሻለች… አንዴ ለአንቺ፣ አንዴ ለእናትሽ፣ አንዴ ለመንገድሽ። ዘመድ ከሆንሽማ ጁሉም ከፍ ይላል። ጁል የሚሉት የጨረሩን ጉልበት ነው። እኔ ደግሞ ማን ነኝ? የባል እህት አይደለሁም? ለባል እህት የሚሳሳ ሰው የት አለ… መጨረሻው ድረስ ወጣልኝ። ከዚያ በላይ ማሽኑ ራሱ ቁጥር አልነበረውም፤ ቢኖረው ኖሮ አትነፍገኝም ነበር፣ እኔ አውቃታለሁ።

«ተከፋሽ ወይ ትይኝ ይሆናል። ምን ያስከፋኛል? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ… እሷ ዘመዷን አገኘች፣ እኔ አመዱን አገኘሁ። ማንም አልተጎዳም።»

ወርቂቱ በትሕትና ፈገግ አለች። የሰው ዘመድ ስለ ዘመዱ ሲያመሰግን ፈገግ ማለት ደንብ ነው። ነገሩ ገና አልገባትም። ሻሺቱ ጆሮዋን ወደ መጋረጃው ጣል አድርጋ አዳመጠች፤ የማሽኑ ማራገቢያ እያጉረመረመ ነው፣ ገና አልተተኮሰም። ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ አይደለም።

«ማሽኑ ራሱ አዋቂ ነው እኮ። ስትከፍቺው መስታወቱ ላይ ስድስት ፊት ደርድሮ ያሳይሻል። መጀመሪያ ላይ ያለው ወተት የመሰለ ነው፣ ፀሐይ የሚባል ነገር በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ፈረንጅ። ከዚያ እየጠየመ እየጠየመ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ እኔና እንደ አንቺ የቆላ ፀሐይ የጠገበ ፊት አለ። የተኛችልሽን ሴት ታያለሽ፣ የምትመስለውን ፊት ትነኪያለሽ፣ ማሽኑ ጨረሩንም ጉልበቱንም ራሱ ይመጥንልሻል። ቀላል ነው አይደል? ቀላልስ ይሉኝታ ለሌለው ሰው ነው። ገንዘቧን ይዛ፣ ለብሳ አጊጣ የመጣችን ሴት ዓይኗ እያየ መጨረሻውን ጥቁር ፊት ትነኪባታለሽ? እጅሽስ እንዴት ይታዘዝልሻል?

«እሷ ጨዋ ናት። ሰው ማሳፈር አልፈጠረባትም። በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ፣ በዚህ ሳሎን በር ጥቁር ሰው ገብቶ አያውቅም። ትንሽ የምታከብራት ጠይም ናት። ከፍ አድርጋ የምታከብራት የቀይ ዳማ ናት። አብዝታ የምታከብራት ያለ ክርክር ቀይ ናት። የአንድ ባለሥልጣን ሚስት የመጣች ቀንማ… ማሽኑ አርባ ምንጭ ውስጥ በረዶ ጣለ እንዴ ሳይል የቀረ አይመስለኝም። እኔንም ያኔ ገና ጋደም ከማለቴ 'ሻሺቱዬ፣ አንቺማ ቀይ ነሽ፣ ፀሐይ ነው እንጂ የደበቀሽ' አለችኝ። አርባ ምናምን ዓመት ስኖር እናቴ እንኳ ቀይ ብላኝ አታውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ፈገግ አልኩ፣ ምን ላድርግ… ሁለተኛዋን ፊት ነካችልኝ። የበረዶ አገር ሰዎችን ጉልበት፣ ለእኔ፣ ለቆላ ሰው ልጅ።

«ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ የሚሉት ክፉዎች ናቸው። እዚህ ቤት ማንም ማንንም ሊበላ አላሰበም። ጠይሟን ቀይ ማለት ፍቅር ነው። ከፍቅሩ በኋላ የሚመጣው የጥብስ ሽታ ሌላ ጉዳይ ነው…»

ይህን ስትል ከመጋረጃው ኋላ ማር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሙሽራዪቱን እያባበለ ነው። አንቺማ ቀይ ነሽ ይላታል፤ ማን ነው ጠይም ያለሽ፣ የሙዝ ማሳው አቧራ ነው እንጂ፣ እሑድ ቬሉ ውስጥ ስትገቢ ያኔ ያዩሻል ይላታል። እድላዊት በኀፍረት ስትስቅ ተሰማ። ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ማሳ ስትውል ያደገች፣ መልኳ የሚያምር ጠይም፣ ጠይምነቷም ወደ ጥቁሩ የሚያደላ ናት። ወዲያው ማሽኑ ጥ… ጥ… እያለ ቁጥር ሲጨምር ሰማች። ያንን ድምፅ አምና ተኝታ ሰምታዋለች፤ ያኔ የክብር ደወል መስሏት ነበር።

አሁን ዙሪያ ጥምጥም የሚኬድበት ጊዜ አልነበረም። ወርቂቱ ክንድ ላይ እጇን ጣል አድርጋ ወሬዋን አፋጠነች፤ የፊቷ ፈገግታ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እኔ ነኝ እንጂ ሞኟ ወርቂቱ። በሰላም የተደረገልኝን አመስግኜ መቀመጥ ሲገባኝ አዲስ አበባ ድረስ ቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ አገጬን አየችና ወደ ብርሃን አዙራ ደግማ አየችው። አድንቃ መሆን አለበት። 'የት ነው የተሠራሽው?' ስትለኝ 'ዘመድ ቤት' አልኳት። 'ስንት ብር አስከፈሉሽ?' አለችኝ፤ 'በነፃ ነው' አልኳት፤ 'ይታያል' አለችኝ። ከዚያ አስቀምጣ ታስተምረኝ ጀመር። ጨረር ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ አለች… ሦስት ዓይነት አለ። አሌክሳንድራይት የሚሉት አለ፤ ስሙ አያምርም? የንጉሥ ልጅ ስም ይመስላል። ጥቁር ነገር ሲያይ ግን ራሱን መግዛት የማይችል ጨረር ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ጥቁሩ ጸጉሩ ብቻ ስለሆነ እሱን ብቻ ለይቶ ከነሥሩ ያነደዋል፣ እዚያ አንደኛ ሠራተኛ ነው። እኛ ጋ ሲመጣስ? ጸጉሩም ጥቁር፣ ቆዳውም ጥቁር… ማንን ከማን ይለይ? አያዳላም፣ ሁለቱንም ያነዳል።

«ቀጥሎ ዳዮድ የሚሉት አለ፣ መካከለኛው። ጉልበቱ በልክ ከተያዘ፣ ጫፉ እንደ በረዶ ከቀዘቀዘ፣ ቀስ ከተባለ ለጠይም ሰው ይሆናል አለች። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? እዚህ ቤት ግን ዕንቁላሉ እስኪሄድ ማን ይጠብቃል፣ ተጠብሶ ይወጣል… ሦስተኛው ያግ ነው ስሙ። ደረቅ ስም ነው፣ ለሰርግ ጥሪ አይሆንም። እሱ የቆዳውን ጥቁረት ከቁም ነገር ሳይቆጥር አልፎ ወደ ጸጉሩ ሥር ይወርዳል። ቀጫጭን ጸጉር ላይ ይዘገያል፣ ሲወጋም ከሌላው ይበልጥ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ግን ይዘሽ በገባሽው ፊት ይመልስሻል። ጥቁር ሰው የሚሠራው በሱ ነው አለችኝ። ያውም ጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ ብልጭታው ረዘም ብሎ፣ መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ አንዲት ነጥብ ተሞክራ፣ ቆዳው ምን እንደሚል ተጠብቆ። ሠርግ ያላት ልጅ ደግሞ ከወራት በፊት ትጀምር እንጂ በሠርጓ ሳምንት ፊቷን ማስነካት የለባትም አለች። ጸጉር አንድ ቀን ተተኩሶ አያልቅማ… ተመላልሶ ነው።

«ኦይታ እንኳ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው፣ መረብ ሲመርጥ ዓሣውን አያሞግስም። ለቆሮሶ፣ ለትንሹ ዓሣ፣ የቆሮሶን መረብ፣ ለትልቁ የትልቁን ይጥላል። ቆሮሶውን 'አንተማ ነጭ ዓሣ ነህ' ቢለው መረቡ ባዶውን ነው የሚመለሰው። እሱ ግን ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ምን ይሉኝታ ያውቃል…

«አራተኛም አለ አለችኝ። አይፒኤል ነው የሚባለው። ሌዘር አይደለም፣ ግን በየሳሎኑ ሌዘር ነኝ እያለ ይኖራል። ብልጭ ይላል፣ ይጮኻል፣ ዋጋውም ያው ነው። ይገርምሻል፣ ሳይሆን ነኝ የሚል… ሰው መሃልስ እንደሱ ያለ አይኖርም ትያለሽ? ኧረ ስለ ጨረሩ ነው የማወራሽ።

«እዚህ ያለው ማሽን ግን አይታማም፤ ሦስቱም ጨረር በአንድ እጀታ ውስጥ አለው። አንዲት ቁልፍ ናት የምትለያቸው። ወንድሜ ያለ የሌለውን ሰብስቦ ነው የገዛላት፤ የሸጡላት ሰዎችም ሥልጠና ብለው አዲስ አበባ ጠርተዋት ነበር። ሄደች። ሥልጠናው ሲሰጥ እሷ መርካቶ መጋረጃ ትመርጥ ነበር። አየሽው መጋረጃውን? ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው እንዲህ ያለ መጋረጃ ገዝቶ አያውቅም መሰለኝ… ሙያ በልብ ነው ይላሉ አበው። እውነት ነው። የእሷም በልቧ ነው ያለው፤ ደህና ተቀምጧል፣ እስካሁን ወደ እጇ አልወረደም።»

የወርቂቱ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። መጋረጃውን አየች፣ ሻሺቱን አየች፣ ከዚያ እስከ ከንፈር የተጠመጠመውን ሻሽ አየች። ልትነሳ ስትል ሻሺቱ ክንዷን ጫን አደረገችው። እናቲቱ ዘልላ ገብታ ልጇን ብትጎትት ነገሩ ጠብ ይሆናል፤ ጠቡ ሲጣራ ደግሞ ማን እንዳስጀመረው ይታወቃል። ከኋላ በኩል ማሽኑ ማጉረምረሙን ተወና አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ተዘጋጅቻለሁ ማለቱ ነው።

ሻሺቱ ያኔ ያላሰበችውን አደረገች። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ሻሿን ፈታች። ከአምና ወዲህ ከሐኪሟ በቀር በሰው ፊት ፈትታው አታውቅም ነበር። ማኅበር ላይ ጉርሻ ስትቀበል እንኳ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ ነው፤ ዓይን ሲያርፍባት የአገጯ ቆዳ እንደገና የተቃጠለ ይመስላታል። ሁለት ጠባሳዎች ናቸው፤ መሃላቸው ነጥቷል፣ ዙሪያቸው ጠቁሯል። አፈረች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ ለስላሳ ነበር።

«ይኸው ወርቂቱ፣ ደህና አድርገሽ እይልኝ። በእጅሽ ንኪው፣ አያምም አሁን። ምስጋና ለሷ ይሁንና እኔ ከእንግዲህ ሕዝብ መሃል አልጠፋም። ጸጉሩስ ሄደልሽ ወይ ብትይኝ… ጸጉሩ ጨዋ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጠባሳው ጎን ላይ በቀለ። ቆዳው ነው የሄደው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው እሷ ከሥሩ ነው የጀመረችው፣ የማን ሥር እንደሆነ ነው እንጂ ያልጠየቅናት።

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ለእኔ ይህም ጌጥ ነው። እድላዊትዬ ግን እሑድ ቬሏ ሲገለጥ፣ ያ ሁሉ የወንዱ ቤት ዘመድ አንገቱን አስግጎ ሲያያት፣ የማን እጅ እንደነካት መጠየቁ ይቀራል? ሙሽራ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያነበው ማስታወቂያ ናት። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ፣ ከምዕራብ ዓባያ እስከ ሶዶ የባለሙያዋ ስም ይጠራል… እኔ እንኳ ልጥራው ብል የማልችለውን ስም፣ እንደ እኔ ያልማሉት ሰዎች ሁሉ ይጠሩላታል። ከዚህ በላይ ምን ዝና አለ? ቪዲዮ ቀራጩም አጠገቧ ቆሞ አገጯን በቅርበት ያነሳዋል። ልጅ ልጆቿ ሳይቀሩ ያዩታል። እኔስ በቀናሁ… ለሷ ነው የምቀናው።»

ሻሺቱ የወርቂቱን ክንድ እንደያዘች ወደ መጋረጃው ዘንበል አለች። ብልጭታው መጣ ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ ጥ… ጥ… ጥ… የሚል ተሰማ፤ የቅድሙ ድምፅ ነው፣ አሁን ግን ቃናውም ቁጥሩም እየወረደ ነው። ብዙ ወረደ። ከዚያ ማራገቢያው አቃሰተና ጠፋ። ጨርቅ ሲጨመቅ፣ ጄል ሲጠረግ ተሰማ። ማር የመሰለው ድምፅ ተመልሶ፣ በዚህ ጊዜ ትንሽ ሰለል ብሎ፣ ለሙሽራዪቱ መብራቱ አቅም አነሰው፣ ዛሬ ማሽኑ አይሸከምም፣ ለጊዜው ጸጉሩን በክር ነቅለን እናስተካክልሽ፣ ለሌዘሩ ከሠርግሽ በኋላ ትመጫለሽ አላት።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው ቬንትሌተር በሙሉ ኃይሉ ይሽከረከር ነበር። ቴሌቪዥኑም ይዘፍናል። ሻሺቱ አንዱንም አላየችም፤ ወርቂቱንም እንዳታይ በዓይኗ ነገረቻት። ሰው ለመሸሽ በር ሲከፍት ከበሩ ላይ መቆም ደግ አይደለም። ሻሿን መልሳ አልጠመጠመችም፤ ጉልበቷ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው።

«ይኸውልሽ፣ አላልኩሽም? መብራት እንኳ ሲያንስ የምታውቅ ሴት ናት። ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ይተኩስ ነበር። እዚህ ግን ጥንቃቄ አለ… አዲስ ነው፣ ግን አለ። ክርም ቢሆን የዋዛ አይደለም፣ አባያን የመሰለ ጥርት ያለ ፊት ያወጣል። አባያ እንኳ ድፍርስ ነው፣ ጫሞን በይው።»

ከክሩ በኋላ መጋረጃው ተገለጠ። እድላዊት መጀመሪያ ወጣች፤ ከንፈሯ በላይ ክሩ የቆነጠጣት ቦታ በትንሹ አብጧል፣ በተረፈ ፊቷ ንጹሕ፣ ጠይም፣ ሙሉ ነበር። ወርቂቱ ሳበቻትና ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት። ልጅቷ ገርሟት ሳቀች፤ ከምን እንደ ተረፈች አላወቀችም። ሻሺቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፈጣሪዬ ተመስገን ብላ በልቧ አለች፤ እውነተኛ ደስታ ነበር፣ አሽሙር የለበትም።

ቀጥሎ ባለቤቲቱ ወጣች። የመጋረጃውን ዘርፍ ይዛ ቆመች፤ ከእርቁ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በዚህ ቅርበት ተያይተው አያውቁም። ሻሺቱ ነገሩን እዚህ ላይ ልታቆመው ትችል ነበር። ልጅቷ ተርፋለች፣ መሐላውም አልፈረሰም፣ ወንድሟም ነገ እህቴ ብሎ ይጠራታል። ለልጅቷ ስትል ብቻ ነው የተናገረችው ብንል ግን ሻሺቱን አናውቃትም። ባለቤቲቱ በዚያ ሣር ላይ ሽማግሌዎቹ ፊት እንኳ «ቆዳዋ ስስ ሆኖ ነው» አለች እንጂ አጠፋሁ ብላ አታውቅም። ዛሬም የሻሺቱን የተገለጠ አገጭ አየች፣ ዓይኗንም ወደ ቬንትሌተሩ አነሳች። ዓይኗን ስታነሳ የራሷ አገጭ ወደ ብርሃኑ ቀና አለ፤ ወፍራም ፓውደር ተነስንሶበታል፣ ከፓውደሩ ሥር የጠዋቱ ምላጭ ያለፈበት፣ ከቀትር በኋላ ብቅ ብቅ ያለ ጸጉር አለ። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ በዚህ ሳሎን ያልተተኮሰበት አገጭ ያ ብቻ ነበር።

ሻሺቱ ተነሳች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ እንደ እናት ፈገግ አለች።

«ነይ ወርቂቱ፣ እንዲህ ያለ እጅ ሳይመረቅ አይወጣም፣ አንቺም ልጄ ተጠጊ… የዚህን ቤት ባለሙያ እግዚአብሔር ይባርክልን። ደጇ አይዘጋ፣ ማሽኗ አይሰበር፣ መብራትም አይነሳት። የዋልንላት ውለታ የለም፣ እሷ ግን ውላልናለች፤ ለሰው ብቻ ስትል ለራሷ አንድም ቀን ሳታስብ ኖራለች፣ ይህ ደግሞ በሰማይ አይጠፋም። እንግዲህ ለእኛ ያበራችውን ብርሃን እሱ ራሱ በገዛ ፊቷ ላይ ያብራላት… ለእኔ በሰጠችኝ በዚያው የጁል ቁጥር፣ አንዲትም ሳትቀነስ። አሜን በሉ እንጂ።»